ጋሽ ሸምሱ ከስፌቱ ሥር

በዚያ ቅዳሜና በማግስቱ እሑድ በግቢው የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ሸራ ሰፊው ጋሽ ሸምሱ። ልጃቸው ዘሃራ። ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ማመልከቻ የሚጽፉት ወይዘሮ አስካለ። በርና መስኮት የሚበይደው ተስፋዬ። የግቢው ጥበቃ አቶ ደበላ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ድንኳኑን የሰፋሁት።

ከስድስታችን አንዱ አሁን የለም። ጋሽ ሸምሱ ባለፈው ወር አረፉ። ተስፋዬ ደውሎ ሲነግረኝ የቦርሳ ማንገቻ እየሰፋሁ ነበር። ስፌቱን ጨርሼ፣ ክሩን ቆርጬ ነው የተነሳሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም። ምናልባት ግማሽ ላይ የቆመ ስፌት ማየት እንደማይወዱ ስለማውቅ ይሆናል።

ለቅሶው ላይ ዝናብ ነበር። የተተከለው ድንኳን መሐሉ ላይ፣ በስፌቱ በኩል፣ ያፈስ ስለነበር ለቀስተኛው ወንበሩን እየጎተተ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ወይዘሮ አስካለ ቀና ብለው አዩትና፣ "እሳቸው ቢሆኑ ለቅሶውን አስቁመው ድንኳኑን ያስፈቱ ነበር" አሉ። ሳቅን። ከዚያ ስለዚያ ቅዳሜ ወሬ ተነሳ፤ የአንዱ ከሌላው አልገጥም አለ። አንዱ ውኃው ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈሰሰ ይላል፣ ሌላው ጋሽ ሸምሱ በጥፊ መቱት ይላል። አልመቱኝም። ስለዚህ እኔ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው ልደታ ያረጁ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስት የቆርቆሮ ሱቆች አንድ ግቢ በሚጋሩበት ቦታ፣ የመጀመሪያው ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ሸራ ሰፍተዋል። አጭር፣ ትከሻቸው ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። አንድ ስፌት ሲያልቅ ጠቋሚ ጣታቸውን በምላሳቸው ያረጥቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጎትቱበታል። ጣታቸው የቆመበት ቦታ ይፈታል። ካልቆመ "ይሁን" ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም። በደህናው ቀን "ልጄ" ይሉኛል፤ ሲቆጡ "ሰውዬ"።

እኔ ስፌት የተማርኩት ከስልክ ላይ ነው። ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ቀላል ቦርሳ፣ ቀላል የዝናብ ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበት ቦታ ሳጣ የሱቃቸውን አንድ ጥግ ለቀቁልኝ። በመጀመሪያው ቀን የያዝኩትን ስስ ናይለን በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ብርሃን ያዙትና፣ ይህ ልብስ ነው ወይስ ጭስ ነው ብለው ጠየቁ። ከዚያ ግን አጠገቤ ተቀምጠው ሙሉ ቀን አዩኝ። ማታ ሲወጡ የተናገሩትን አልረሳውም።

"ጨርቁ እንደ መጣ ቢተው ውኃ አያስገባም። እኛ ነን የምንበሳው። በሴንቲ ሜትር አራት ጊዜ እንበሳዋለን፤ ከዚያ ሰፋሁ ብለን ለሰው እንሰጣለን።"

የሰፉትን ሸራ ሳይፈትኑ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። በአራት ብረት ላይ ይወጥሩታል፣ ውኃ ያስፈስሱበታል፣ ራሳቸው በርጩማ ይዘው ከሥሩ ይገባሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ከወይዘሮ አስካለ ዘንድ የተበላሸ ማመልከቻ ይለምኑና ከስፌቱ በታች ይደረድሩታል። ጠብታ ከወደቀ የማተሚያው ቀለም ስለሚፈስ ቦታው ይታወቃል። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ የሰፋው ሰው ከሥር አይቀመጥም፣ የሰፋ ሰው ማየት የሚፈልገውን ነው የሚያየው ይላሉ። የራሳቸውን ሥራ ግን ራሳቸው ነበር የሚቀመጡበት። ይህ እንዴት ነው ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

መልሱን የሰጡኝ ከሳምንት በኋላ፣ ሌላ ነገር እየሠራን ሳለ ነው። በወጣትነታቸው ሙዘይን ከሚባል ጓደኛቸው ጋር በጭነት መኪና ከደጋ እህል ይዘው ሲመጡ በረዶ የተቀላቀለ ዝናብ ያዛቸው። ሁለቱ ከሸራው ሥር፣ ከጆንያው ላይ ተኝተው ነበር። በእሳቸው በኩል ደረቅ ነው። በሙዘይን በኩል ስፌቱ ያፈስ ነበር፤ እሱም ዝም አለ፣ ስለ ደከመው ይሁን ስለ ይሉኝታ አይታወቅም። ከመኪናው ሲያወርዱት መናገር አቅቶታል። በማግስቱ ሞተ። ሸራውን የሰፋው ማን ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ጋሽ ሸምሱ ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና፣ "እኔ" አሉ።

ዘሃራ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። የደጋ ተክሎችን ታጠናለች፣ በክረምት ተራራ ላይ ትወጣለች። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የቢሮዋ ከባድ ድንኳን አፍስሶባት ሳንባዋን ታምማ ነበር የተመለሰችው። በዚያኛው ክረምት ደግሞ አሥራ ሦስት ቀን ልትወጣ ነበር። አባትዋ እንድትቀር አልለመኗትም፣ እምቢ እንደምትል ያውቃሉ። የሥራ ባልደረባዋ ከውጭ ያመጣላትን ጥቅል ናይለን ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሁለት ፊቱ ሲልከን በሚባል ውኃ የማያስገባ ማጣበቂያ የተቀባ፣ በጣም ቀጭን ጨርቅ ነው። "የእኔ መርፌ ይቦጭቀዋል" አሉኝ። "አንተ ድንኳን ስፋላት፣ እኔ አያለሁ።"

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጣሪያው ላይ አንድ ረጅም ስፌት፣ ግራና ቀኝ አራት አጫጭር፣ ሁሉም ሁለቴ የታጠፈ። እንደዚህ ዓይነቱ ጨርቅ ላይ በሙቀት የሚለጠፍ ፕላስተር አይዝም፤ ሲልከን የሚይዘው ሲልከን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የገዛሁትን ሲልከን በነጭ ጋዝ አቅጥኜ በብሩሽ ስፌቱን ሁሉ ቀባሁት። ረቡዕ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ብሩሹ እንዴት ወደ ክሩ ቀዳዳ እንደሚገፋ አጎንብሰው አዩ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱን ጥግ ሳጥፍ ጥፍሬ የደረቀውን ሲልከን ነካው። ተነሳ። ትንሽ ጎተትኩት፤ የፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ እንደሚላጥ እየተላጠ መጣ፣ የጣት ግማሽ ያህል። አቆምኩ። ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሌሎቹን ስፌቶች አልሞከርኳቸውም፤ ብሞክራቸው አውቀው ነበር፣ ማወቅ አልፈለግኩም። የተላጠውን ቦታ ደግሜ ቀባሁና ድንኳኑን ሰቀልኩት። ጋሽ ሸምሱ ከሶላት ሲመለሱ፣ "ለነገ ደረሰ?" አሉ። ደርሷል አልኩ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ግቢው መሐል ተተከለ። በልደታ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ያ ቀን የኛ ነበር፣ ግን አቶ ደበላ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚሄድ አስጠነቀቁን። እሳቸው ቧንቧው ላይ ቆሙ። ተስፋዬ የውኃ ጎማውን ይዞ አፉን በአውራ ጣቱ እየጨፈነ ውኃውን ወደ ላይ ይረጨዋል፣ እንደ ዝናብ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። ወይዘሮ አስካለ በራቸው ላይ ቆመዋል። ጋሽ ሸምሱ ማመልከቻዎቹን ደርድረው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፤ ጨርቁ ስስ ስለሆነ ጥላቸው ከውጭ ይታያል።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ዓሣ ልወርውርልዎት?" አለ ተስፋዬ።

"አንተ ውኃህን ጠብቅ" አሉ ከውስጥ።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ዘሃራ ትልቁን ቦርሳዋን ይዛ መጣች፤ ፈተናው ሲያልቅ ድንኳኑ ሊከተት ነው። የት እንደሚቀመጥ ለክታ ቦታ ትታለታለች። ሰዓቴን ደጋግሜ እያየሁ ነበር። አርባ ደቂቃ ሲሆን ምናልባት ያ ጥግ ብቻ ነበር የተላጠው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እጄን ኪሴ ከትቼ ጥፍሬን እፍቅ ነበር።

ከዚያ የጋሽ ሸምሱ ጥላ ቀና አለ። ጣታቸው ወደ ጣሪያው ስፌት ወጣ፣ ቆመ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ሄደ፣ ደግሞ ቆመ። ተስፋዬ ጎማውን ዝቅ አደረገ።

"አታቁም" አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። "ገና ሰዓቱ አልሞላም።"

የቀረውን አሥራ አምስት ደቂቃ በሙሉ ተቀመጡ። እኔ የማየው ጥላቸውን ብቻ ነው፤ በየጊዜው ከራሳቸው ላይ አንዳች ነገር በእጃቸው ይጠርጋሉ። ሲወጡ ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ረጥቧል። በእጃቸው አንድ ማመልከቻ አለ። ወይዘሮ አስካለ ተቀበሏቸውና አዩት፣ የከሳሹ ስም ፈሶ ተከሳሹ ላይ ደርሷል አሉ። ማንም አልሳቀላቸውም።

"ጋሽ ሸምሱ" አልኩ። "አውቅ ነበር።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዘሃራ የቦርሳዋን ማንገቻ እንደያዘች ቆማለች።

"መቼ ነው ያየኸው?"

"ትናንት።"

"በስንት ሰዓት?"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

"ደረሰ ወይ ብዬ ስጠይቅህ ስንት ሰዓት ነበር?"

"አሥር ሰዓት።"

ልኬት እንደተነገረው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ድንኳኑ ዞሩ፤ በጥፍራቸው የጣሪያውን ሲልከን ከአንድ ጫፍ አንስተው ጎተቱት። እስከ መጨረሻው ድረስ በአንድ ቁራጭ ተላጠ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ በምላሳቸው ነኩትና ተፉ።

"ሳሙና ነው።"

ወዲያው አልገባኝም ነበር። እኛ ጨርቅ ላይ መሥመር የምናሠምረው ባለቀ ስባሪ ሳሙና ነው። በልደታም በመርካቶም ሰፊ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ጠመኔ ያልቃል፣ ሳሙና ከየቤቱ አይጠፋም። እኔም ስፌቱን ሁሉ በሳሙና አሥምሬ፣ በመሥመሩ ላይ ሰፍቼ፣ በላዩ ላይ ሲልከኑን ቀባሁ። ሲልከኑ የያዘው ሳሙናውን እንጂ ጨርቁን አልነበረም። ውኃ ሲደርስ ሳሙናው ሟሟ፣ በክሩ ቀዳዳ መንገድ ከፈተ።

ጋሽ ሸምሱ ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን ሳሙና አወጡ። ከብዙ አገልግሎት የተነሳ እንደ ቅጠል የሳሳ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ይህን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሸራ ላይ ዝናብ ያጥበዋል፣ ከዚያ ወዲያ አስቤው አላውቅም። ያላወቅነው የሁለታችን ነው።" ሳሙናውን በጣታቸው ወደኔ ገፉት። "የደበቅከው ግን ያንተ ብቻ ነው፣ ሰውዬ።"

መሬት መሬቱን አየሁ። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ወደ ዘሃራ አመለከቱኝ። ለኔ አይደለም፣ ለሷ ነው ማለታቸው ነው። ይቅርታ አልኳት። እሷ ግን ወደ አባትዋ ዞረች።

"አባ፣ ሰኞ ሌሊት ነው የምንነሳው። ይህ ካልደረሰ በቢሮው ድንኳን እሄዳለሁ።"

"ባለፈው ባሳመመሽ?"

"ሌላ የለም።"

አቶ ደበላ ቧንቧውን ዘጉ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ጋሽ ሸምሱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ሁላችንንም ዙሪያውን አስቀመጡን። እንደገና መስፋት አይቻልም፣ አዲስ ቀዳዳ ነው። ያለው ምርጫ የተቀባውን በሙሉ ልጦ፣ ሳሙናውን አጥፍቶ፣ ደግሞ መቀባት ነው። ወይዘሮ አስካለ ደንበኞቻቸውን ሰኞ ተመለሱ ብለው ላኩ። ከወረርሽኙ ዘመን የተረፈ ሁለት ጠርሙስ ሳኒታይዘር አመጡ፣ ተስፋዬ ንጹሕ ጨርቅ አመጣ። አንዱ ይልጣል፣ አንዱ በውኃ ያጥባል፣ አንዱ በሳኒታይዘር ይጠርጋል፣ ዘሃራ ታደርቃለች። ጋሽ ሸምሱ እያንዳንዱን ስፌት በምላሳቸው እየነኩ፣ "አሁንም አለ፣ ድገሙት" ይላሉ። ተስፋዬ፣ "ጋሼ ዛሬ ምሳቸውን በልተው ጨረሱ" አለ። ያን ጊዜ እንኳ አልሳቁም፣ ግን ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰች።

አሥር ሰዓት ላይ ብሩሹን እኔ ያዝኩ። ጋሽ ሸምሱ ብሩሹን አልነጠቁኝም። አጠገቤ ተንበርክከው ጨርቁን ወጠሩልኝ፤ ሁለት ሰዓት ያህል እንደዚያው ተንበርክከው ቆዩ።

እሑድ እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ስለነበር የቀባነው ደረቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ቧንቧው ደረቅ ስለነበር አቶ ደበላ በጀሪካን የያዙትን ውኃ ሰጡን፣ ወይዘሮ አስካለ ከልደታ ማርያም ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ አንድ ጀሪካን ከቤታቸው አስመጡ። ማመልከቻዎቹ ተደረደሩ። ጋሽ ሸምሱ በርጩማውን አንስተው ወደኔ ዘረጉልኝ።

"ዛሬ አንተ ግባ።"

ተስፋዬ ሳቅ እያለ፣ "እሱ? የሰፋው አይቀመጥም አላሉም? ደግሞ ትናንት..." አለና ተወው።

"ለዚያ ነው የሚገባው" አሉ።

ገባሁ። ጨርቁ አረንጓዴ ነው፤ ውስጡ ያለው ብርሃንም አረንጓዴ ነው። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው ወንበር ላይ ቆመው በአበባ ማጠጫ ጣሪያውን ያጠጡታል፣ ተስፋዬ ጀሪካን ያቀብላቸዋል። ድምፁ ከውስጥ ከባድ ዝናብ ነው። በየጥቂቱ ከላይ "አለ?" ይሉኛል። "የለም" እላለሁ። በዚያች ሰዓት የኔን ቃል ከማመን በቀር ምንም አላደረጉም። መጥተው አላዩም።

ሃያ ደቂቃ፣ የለም። ሠላሳ አምስት፣ የለም። በርጩማው ላይ አንገቴ እስኪደነዝዝ ድረስ አንጋጥጬ ስፌቱን በጣት በጣት እከተለው ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ሲሆን በራስጌው ጥግ፣ ከስፌቱ አጠገብ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጠብታ አየሁ። ተንጠልጥላለች፤ አልወደቀችም።

አሥር ደቂቃ ነው የቀረው። ያሰብኩትን በሙሉ እጽፋለሁ። አንዲት ጠብታ ናት። አለ ብል ዘሃራ ይህን ትታ ያንን የሚያፈሰውን ይዛ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ዝም ማለት ለሷ የተሻለ ነው። እውነትም ይመስላል። እንዲያውም ደግነት ይመስላል። ዓርብ ዕለት ለራሴ ያልኩት ምን እንደነበር ትዝ አለኝ፤ እሱም እንደዚሁ ምክንያት ነበረው።

"አለ?" አሉ ከላይ።

"አለ።"

ውኃው ቆመ። ከወንበሩ ሲወርዱ ሰማሁ፣ ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸውን እየያዙ። ጎንበስ ብለው ገቡ። ጠብታዋን አሳየኋቸው። ብዙ አይተው በእጅጌያቸው ጠረጓት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ተንፍስ" አሉኝ።

አልገባኝም።

"ዝም ብለህ ተንፍስ። እንደ ተኛ ሰው።"

ተቀመጥን። ላያችን ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ አልፈሰሰም። ከውጭ ወይዘሮ አስካለ ምን ሆነ እያሉ ይጠይቃሉ። ቆይቶ ጥጉ ላይ ጨርቁ ጭጋግ ለበሰ፣ ጭጋጉም ተሰብስቦ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያችኑ የምታህል ጠብታ ሆነ። ከስፌቱ አልመጣችም። ከኔ ነው የመጣችው፤ በተዘጋ ስስ ጨርቅ ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ስተነፍስ ቆይቻለሁ።

"በሩን ስንዝር ያህል ከፍታ ትተኛ" አሉ። "ውኃው ያንተ ነው እንጂ የስፌቱ አይደለም።" ለመነሳት ትከሻዬን ተደገፉ። "ይሁን፣ ልጄ።"

ወጡ። እኔ የተረፈውን እርጥበት ለመጥረግ ወደ ኋላ ቀረሁ።

ዘሃራ ሰኞ ሌሊት ሄደች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመለሰች፣ ደህና ነበረች። በመሐሉ ስልክ በማይሠራበት ቀን ሁሉ ጋሽ ሸምሱ ሱቃቸውን በሰዓቱ ከፍተው በሰዓቱ ዘጉ፣ ስለ እሷም አንድ ቃል አልተናገሩም።

እኔ የማውቀው ይህን ያህል ነው። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ወይዘሮ አስካለ፣ ቅዳሜ እኔ መሬት መሬቱን ሳይ የጋሽ ሸምሱ ፊት ምን ይመስል እንደነበር እርስዎ አይተዋል፤ እባክዎን ይጻፉልኝ። አቶ ደበላ፣ በዚያች የቅዳሜ ሌሊት የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ውስጥ መብራት በርቶ አድሯል ይላሉ፤ ምን ሲሠሩ እንደነበር ያዩ ከሆነ ይንገሩኝ። ተስፋዬ፣ በጥፊ መቱት የምትለውን ተወው።

ዘሃራ፣ አንቺን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ከድንኳኑ ሲወጡ በቀጥታ ወዳንቺ መጡ። እኔ በእጄ ጨርቅ ይዤ ከውስጥ ነበርኩ፤ ሁለታችሁም በናይለኑ ላይ ጥላ ሆናችሁ ትታያላችሁ። ብዙ ተናገሩሽ፣ ብዙ የማይናገሩት ሰው። ተስፋዬ ባዶ ጀሪካኖቹን እየወረወረ ስለነበር አልሰማሁም። ጥላሽ ራሱን ሦስት ጊዜ ሲነቀንቅ ብቻ አይቻለሁ። ምን ብለውሽ ነው?